የእባብ ቅርፊት ሲቆጥር የኖረው ሰው

ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ መረቡን ወደ ጀልባው የሚጎትት ዓሣ አጥማጅ አስቡ። ከዓሣው ጋር አንድ እባብ ተጠላልፎ መጥቷል። ጭንቅላቱ መረቡ ውስጥ ተወሽቋል፤ የሚታየው ቡናማ ገላው ብቻ ነው። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ሁለት ዓይነት እባቦች አሉ። አንደኛው መርዝ የለውም፣ ሰውን አይጎዳም። ሁለተኛው የውሃ ኮብራ ነው። የኮብራው መለያ የሆኑት ጥቁር ቀለበቶች ደግሞ ያሉት አንገቱ አካባቢ ነው፤ ማለትም አሁን በማይታየው በኩል። ሰውየው ምን ያድርግ?

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ የእባብ ነገር የሚያገባኝ አይመስልም። ግን ይሄ የዓሣ አጥማጅ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስንማረው የነበረው ነው። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። ምንም የማያደርገውን እባብ ኮብራ ነው ብሎ መግደል አንድ ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው እባቡ ነው። ኮብራውን ምንም አያደርግም ብሎ መያዝ ሌላ ስህተት ነው፤ የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ መረጃ የሌለው ሰው ሁሉንም ይገድላል። ሞኝነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን የሚቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱን የሚለይ አስተማማኝ ምልክት።

ዛሬ የማወራችሁ ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ያለ ምልክት ሲፈልግ ስለኖረ ሰው ነው። ስሙ ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ይባላል። አንቱ ማለት የሚገባኝ ሰው ነው፤ ግን ታሪኩን ስጀምር ያገኘሁት በሃያዎቹ ውስጥ ሆኖ፣ እንደኛ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲሞክር ስለሆነ እሱ እያልኩ ልቀጥል። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡላንዤ የተወለደው በ1858 ብራስልስ ውስጥ ነው። አባቱ ውል አዋዋይ ነበሩ፤ እሱም ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ነበር። በ1876 ከብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሳይንስ ተመረቀ፤ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው እንግዲህ። ከዚያ እዚያው ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ እባብና ዓሣ መመልከት ነው። ሲመቸው ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን ሙዚየሞች እየሄደ እዚያ ያሉትን ብልቃጦች ያይ ነበር።

እሱ ሥራ ሲጀምር አካባቢ፣ በ1878፣ ቤልጂየም ውስጥ ቤርኒሳር በምትባል መንደር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ግዙፍ አጥንቶች አገኙ። ኢጓኖዶን የሚባል ዳይኖሰር ነበር። ያውም አንድ ሁለት አይደለም፣ በደርዘን የሚቆጠር አፅም ነው። እንግሊዝ አገር ቀደም ብሎ የተገኘ ኢጓኖዶን ስለነበረ ሰዉ ሁሉ ያው እሱ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ቡላንዤ ግን የወገብ አካባቢ አጥንቶችን ቆጠረ። የእንግሊዙ ከዳሌ ጋር የተያያዙት አከርካሪዎች አምስት ናቸው። የቤርኒሳሩ ስድስት። በቃ፣ ይሄ ሌላ ዝርያ ነው አለና በ1881 ጽሑፉን ለቤልጂየም ሮያል አካዳሚ አስገባ። ዕድሜው 22 ነው።

አካዳሚው አልተቀበለውም። ጽሑፉን የገመገሙት ትልቅ ሰው ፕሮፌሰር ቫን ቤነደን ነበሩ። የአንድ አጥንት ልዩነት በወንድና በሴት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል፣ ለአዲስ ዝርያ አይበቃም የሚል ነበር ክርክራቸው። እውነት ለመናገር ክርክሩ ደካማ አይደለም፤ ሁለት ነገሮች ይለያያሉ ማለት ሁለት ዝርያ ናቸው ማለት አይደለም። አስቂኙ ነገር፣ ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ውድቅ ሲያደርጉ በሪፖርታቸው ውስጥ የልጁን ሐሳብና ያወጣውን ስም ጠቅሰው ስለነበር ስሙ በዚያው ታተመ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ኢጓኖዶን ቤርኒሳርቴንሲስ ይለዋል፤ ስም አውጪውም ቡላንዤ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ውድቅ በተደረገ ጽሑፍ ታሪክ የሠራ ሰው ሌላ አላውቅም። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ይሄን ታሪክ ባውቅ ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

ጽሑፉ ሲመለስ ግን ቡላንዤ ከአገር ወጥቷል። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ የነበረው አልበርት ጉንተር በ1880 ጠርቶት ነበር። የእንቁራሪቶቹን ስብስብ መዝግብልን ተባለ። ሙዚየሙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ለመቀጠር የእንግሊዝ ዜግነት መውሰድ ነበረበት፤ ወሰደ። በ1882 በቋሚነት ረዳት ሆነ፣ እስከ 1920 ድረስም ከዚያ አልወጣም። አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። ከዓለም ዙሪያ አልኮል በተሞላ ብልቃጥ የመጣ እባብ ያወጣል፣ ይቆጥራል፣ ይጽፋል፣ ይመልሳል። ምን ይቆጥራል ካላችሁ፣ ቅርፊት። ለምን ቀለሙን አያይም? አንደኛ አልኮል ቀለምን ያደበዝዛል። አረንጓዴ የነበረው ግራጫ ሆኖ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት እባብ ሆኖ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጠቃጠቆ ሊሆን ይችላል። የቅርፊት ቁጥር ግን እባቡ ሲወለድ ይዞት የሚወጣው ነው፤ ቢያድግም፣ ቆዳውን ቢገፍም፣ ቢሞትም አይለወጥም። አቆጣጠሩም የታወቀ ነው። የገላውን መሃል ትይዛላችሁ፤ ከሆዱ ሰፋፊ ቅርፊቶች ጠርዝ ተነስታችሁ በጀርባው ዞራችሁ እስከ ሌላኛው ጠርዝ ስንት ረድፍ እንዳለ ትቆጥራላችሁ። ከዚያ የሆዱን፣ ከዚያ የጭራውን ሥር፣ ከዚያ ከዓይን ፊት፣ ከዓይን ኋላ፣ የላይኛው ከንፈር ላይ። በመጨረሻ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ማየት ነው፤ መርዝ የሚያስተላልፍ ጥርስ አለው ወይስ የለውም፣ ካለው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ። ቡላንዤ ለጥርስ ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። የእባብ መዝገቡን ሲያዋቅር ብዙውን የከፋፈለው በጥርስ አቀማመጥ ነው።

ይሄ መዝገብ ሦስት ቅጽ ሆኖ በ1893፣ በ1894 እና በ1896 ታተመ። በዚያን ጊዜ የሚታወቀውን የዓለም እባብ ሁሉ ለመያዝ የሞከረ ሥራ ነው። ስለ ሰውየው የጻፉ ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የማስታወስ ችሎታው ለማመን ይከብዳል። አንዴ ያየውን ናሙናና አንዴ የሰማውን ስም አይረሳም። ሲጽፍ ደግሞ ሁለተኛ ረቂቅ የሚባል ነገር እምብዛም አያውቅም፤ የጻፈው ትንሽ ስርዝ ድልዝ ብቻ ኖሮበት ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ይናገራል፤ ስፓኒሽና ጣሊያንኛ ያነባል፣ ሩሲያኛም ትንሽ ይሞክራል። ማታ ቫዮሊን ይጫወታል። ስልካችን ሰው ለሰው የማይደወልበት ቁጥር ሁሉ የሚያስታውስልን እኛ፣ ይሄን ስንሰማ ትንሽ ማፈር አለብን መሰለኝ።

አሁን ወደ ውሃ እባቦቹ እንምጣ።

አውሮፓ ውስጥ ወንዝና ኩሬ የሚወዱ፣ መርዛቸው ሰው የማይጎዳ ሦስት የታወቁ ዘመዳሞች አሉ። የሳይንስ ስማቸው ዛሬ ናትሪክስ ነው። አንደኛው ከጭንቅላቱ ኋላ ቢጫ አንገትጌ ያለው የሣር እባብ ነው። ሁለተኛው ገላው የዳማ ሰሌዳ የሚመስል በመሆኑ በዳይስ የተሰየመው ነው፤ ከጣሊያን እስከ መካከለኛው እስያ ይገኛል፣ ግብፅም እስራኤልም አለ። ሦስተኛው ከስፔን፣ ከፈረንሳይና ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ እፉኝት መሳይ ይሉታል። ይሄኛው ነው ጉደኛው። ጀርባው ላይ እንደ እፉኝት የተወላገደ መስመር አለው። ሲያስፈራሩት ጭንቅላቱን አስፍቶ ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል፣ እፍ ይላል፣ እንደሚነድፍ ሆኖ ይወረወራል። መርዙ ግን የለም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ነፃ ተሳፋሪ ነው፤ እፉኝቷ በእውነተኛ መርዝ የገነባችውን ዝና እሱ ሳይከፍል ይጠቀምበታል።

ችግሩ ማስመሰሉ በሁለት በኩል ይሠራል። ፓሪስ ውስጥ ኮንስታን ዱሜሪል የሚባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የዘመናቸው ትልቁ የእባብ ሊቅ ማለት ይቻላል። በ1851፣ ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት አካባቢ ሆኖ፣ ሴናር ጫካ ውስጥ አንድ እባብ አይተው ጎንበስ ብለው አነሱ። እፉኝት መሳዩ የውሃ እባብ መስሏቸው ነው። እፉኝቷ ራሷ ነበረች። ነደፈቻቸው። ከሞት ተርፈዋል፤ ግን እስቲ አስቡት፣ ስለ እባብ ብዙ ቅጽ የጻፉ ሰው እንዲህ ከተሳሳቱ ሌላው ምን ይሁን?

ቡላንዤ በ1913 ስለ አውሮፓ እባቦች ለሰፊው አንባቢ የሚሆን አንድ ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። የእሱ መንገድ ቀለምን ትቶ ወደ ቁጥር መሄድ ነው። እፉኝት መሳዩ መሃል ገላው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 21 ረድፍ ቅርፊት አለው፣ ሌሎቹ ሁለቱ 19። ሁለቱን ባለ 19 ደግሞ ከንፈራቸው ላይ ትለያቸዋላችሁ፤ የሣር እባቡ በላይኛው ከንፈሩ በአንድ ጎን ሰባት ቅርፊት ሲኖረው ባለ ዳይሱ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት አለው። ከዓይኑ ፊትም የሣር እባቡ አንድ፣ ባለ ዳይሱ ሁለት ወይም ሦስት። ከእፉኝቷ ለመለየት ደግሞ ዓይኑን ማየት ነው። የእፉኝቷ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ነው፣ የውሃ እባቡ ክብ ነው። የጭንቅላቱ አናት ላይም የውሃ እባቡ ትልልቅ ጠፍጣፋ ቅርፊቶች አሉት፤ የእፉኝቷ አናት ግን በብዛት ወደ ትናንሽ ቅርፊቶች የተከፋፈለ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ይሄ የዓይን ብሌን ሕግ ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ይዞራል፤ ክብ ከሆነ አትፍሩ፣ ስንጥቅ ከሆነ ሩጡ እየተባለ። ለአውሮፓ በአብዛኛው ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሊገድላችሁ ይችላል። እኛ አገር ኮብራ አለ፣ ጥቁር ማምባ አለ፣ ቡምስላንግ የሚባለው የዛፍ እባብም አለ፤ የሁሉም ብሌን ክብ ነው፣ የኮብራና የማምባ ጭንቅላትም በትልልቅ ጠፍጣፋ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። በአውሮፓው ሕግ ከሄዳችሁ ማምባን ሰላማዊ ትሉታላችሁ። አንድ ምልክት የሚያገለግለው የተሠራበት አካባቢ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር እባብ ስታዩ ቆጠራው ይቅርባችሁ፤ ወደ ኋላ ራቅ በሉ፣ የተነደፈ ሰው ካለ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ወደ ታንጋኒካው ኮብራ ልመለስ፤ የቡላንዤ ስም ከውሃ እባብ ጋር የተጣበቀው እዚያ ነውና። ታሪኩ ግን ደስ አይልም።

በ1880ዎቹ ኤሚል ስቶርምስ የሚባል የቤልጂየም መኮንን ታንጋኒካ ዳር፣ ምፓላ የሚባል ቦታ ሰፍሮ ነበር። አካባቢውን በኃይል ሊገዛ ከአገሬው አለቆች ጋር ይዋጋል። ከእነሱ አንዱ ሉሲንጋ የሚባል አለቃ ነበር። በ1884 መጨረሻ የስቶርምስ ሰዎች መንደሩን አጠቁ፣ ሉሲንጋን ገደሉ፣ አንገቱን ቆረጡ። ስቶርምስ የራስ ቅሉን ይዞ ወደ ብራስልስ ተመለሰ፤ ቅሉም እዚያው በሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገባ። ያው መኮንን ከሐይቁ የሰበሰባቸውን እባቦችና እንቁራሪቶችም ይዞ ነበር የመጣው። ብልቃጦቹ የደረሱት ለሉዊ ዶሎ ነው፤ ዶሎ ማለት ቡላንዤ ከሄደ በኋላ የቤርኒሳር ዳይኖሰሮችን የተረከበውና በእነሱ ስመ ጥር የሆነው ሰው ነው። ዶሎ በ1886 ከእባቦቹ መካከል ውሃ ውስጥ የሚኖር ኮብራ አገኘ። የተለየ ወገን ነው ብሎ ቡላንዤሪና አለው፣ ለለንደኑ ባልደረባው ክብር። የዝርያውን ስም ደግሞ ስቶርምሲ አለው፣ ላመጣው መኮንን ክብር።

እንግዲህ አንድ እባብ ላይ ሁለት ስም ተጣብቋል፤ የቆጣሪውና የአንገት ቆራጩ። ቡላንዤ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም፤ ስሙ የተሰጠው ሳይጠይቅ ነው። ግን ለንደን ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ብልቃጥ ሁሉ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዋጋ የመጣ ነው። ሐኪም ያመጣል፣ ሚስዮናዊ ያመጣል፣ ወታደር ያመጣል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የሰብሳቢው ስም እንጂ የአመጣጡ ሁኔታ አይደለም። ብራስልስ ውስጥ አደባባይ ላይ የነበረው የስቶርምስ ሐውልት በ2022 ተነስቷል፤ የእባቡ ስም ግን በስያሜ ሕግ የታሰረ ስለሆነ እንዳለ ነው።

በ1904 ደግሞ ቡላንዤ ራሱ ሁለተኛ የውሃ ኮብራ አገኘ፤ አገኘ ስል ብልቃጥ ውስጥ ነው። ካትበርት ክሪስቲ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኮንጎ ውስጥ የእንቅልፍ በሽታን ሊያጠና ሄዶ ያመጣው ነው። እንዴት ለየው ካላችሁ፣ መልሱን ገምታችኋል። የመጀመሪያው የውሃ ኮብራ መሃል ገላው ላይ ከሃያ በላይ ረድፍ ቅርፊት አለው። የክሪስቲ እባብ 17 ብቻ። ሁለቱም ውሃ ወዳድ፣ ሁለቱም ዓሣ በል፣ ሁለቱም መርዛቸው ነርቭ የሚያጠቃ ነው። ክሪስቲ የሚለውን ስም ሰጥቶ አሳተመው። ስለዚህ ሰውየው በራሱ ስም በተሰየመ ወገን ውስጥ አዲስ አባል የጨመረ ሰው ሆነ፤ ይሄ ለብዙ ሰው የሚገጥም ነገር አይደለም።

የታንጋኒካው ዓሣ አጥማጅ ጥያቄስ? መረብ ውስጥ ያለ እባብ ቅርፊት አይቆጠርም፤ ይገባኛል። ግን ሐይቁ ውስጥ ሁለት የተለያዩ እንስሳት እንዳሉ፣ አንደኛው ኮብራ እንደሆነ መጀመሪያ በእርግጠኝነት መታወቅ ነበረበት። የነደፈው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ የትኛው መርዝ ምን እንደሚያደርግ ማጥናትም አይቻልም።

የኢትዮጵያ ስም ከቡላንዤ ጠረጴዛ አልራቀም። እግሩ አልረገጠንም፤ ብልቃጦቻችን ግን ሄደውለታል። በ1896 ራጋዚ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ከሸዋ የሰበሰበውን የዛፍ እንቁራሪት ስም አወጣለት፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ እንቁራሪት ነው። በ1902 ደግሞ ኤድዋርድ ዴገን የሚባል ሰው ከጣና የሰበሰባቸው ዓሦች ደረሱት። ጣና ላይ የበላ ሰው ቆሮሶና አምባዛን ያውቃል፤ ሦስተኛው ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው። ቡላንዤ እነዚህን ነጭ ዓሦች ሲያይ አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ከንፈሩ ወፍራም፣ አንዱ ጀርባው ጉብ ያለ ሆኖ አገኛቸውና ብዙ ዝርያ ናቸው አለ። ለአንዱ የዴገንን ስም ሰጠው።

ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ1973፣ ባኒስተር የሚባል እዚያው ለንደን ሙዚየም የሚሠራ ተመራማሪ እነዚህን ዓሦች ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጸረና የጣናዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። ልዩነቱ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚገኝ መለያየት ነው ብሎ። የቫን ቤነደን ክርክር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከዚያ በ1990ዎቹ ጣና ላይ ለዓመታት የቆዩ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ዓሦቹ የሚበሉትን፣ የሚውሉበትንና የአካላቸውን ልኬት አጥንተው ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ ብለው አሳተሙ። የዴገን ዓሣ ከነሱ አንዱ ሆኖ ተመለሰ።

ይሄ የስም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የአንድ ወቅት ትውልድ ሊያነሳ ይችላል። በሞተር ጀልባ ዓሣ ማስገር በ1980ዎቹ ከተጀመረ ወዲህ ነጭ ዓሣ ክፉኛ ቀንሷል። ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ካልን አንዱ ጠፍቶ ሌላው ቢበዛ ሒሳቡ ላይ አይታይም፤ ድምሩ ልክ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፣ ዛሬ አብዛኛው የለም። አማካይ ቁጥር ስንት ነገር እንደሚደብቅ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ መንገር አያስፈልግም።

እርግጥ ቡላንዤም የሳተበት አለ። የሣር እባብን እሱም ዘመኑም ከእንግሊዝ እስከ ሩሲያ አንድ ዝርያ አድርገው ነው የያዙት። በ2017 ግን ተመራማሪዎች በዘረመል ሲያዩት የምዕራቡ፣ የእንግሊዙን ጨምሮ፣ የራሱ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ለአርባ ዓመት ከሙዚየሙ ደጅ ወጣ ብሎ ሊያገኘው የሚችለው እባብ ማለት ነው። ቅርፊቱ ሁለቱንም 19 ነው የሚላቸው፤ ቆጠራው እዚያ ላይ ዝም ይላል።

በ1920 ጡረታ ሲወጣ ያሳተማቸው ጽሑፎች ከ800 በላይ ነበሩ፤ ስም ያወጣላቸው ዝርያዎች 1,096 ዓሦች፣ 556 እንቁራሪቶችና ዘመዶቻቸው፣ 872 ደግሞ እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ ናቸው። ይሄን ሁሉ ሠርቶ አረፈ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ወደ ብራስልስ ተመልሶ የእፅዋት መናፈሻው ገባና ጽጌረዳ ማጥናት ጀመረ። እንስሳውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ተወ። ጽጌረዳ የመረጠው ያለ ነገር አይመስለኝም፤ የአውሮፓ የዱር ጽጌረዳዎች እርስ በርስ እየተዳቀሉ ስለሚመሳሰሉ የእፅዋት ሰዎችን የሚያሳብዱ ናቸው። ፍራንሷ ክሬፐን የሚባል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰብስቧቸው አልፎ ነበር፤ ቡላንዤ የእሱን ደረቅ አበቦች አንድ በአንድ አይቶ ስለ አውሮፓ ጽጌረዳዎች ሁለት ቅጽ ጻፈ። ከእባብ ቅርፊት ወደ ጽጌረዳ እሾህ፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ለንደን ያለው ልጁ ኤድዋርድም በዚሁ መስመር ሄዶ የለንደን መካነ እንስሳት የውሃ እንስሳት ክፍል ኃላፊ ሆነ። በ1937 ቤልጂየም፣ ያኔ ጽሑፉን የመለሰችው አገር፣ የሊዮፖልድ ኒሻን ሸለመችው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፈረንሳይ ውስጥ ሴን ማሎ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሞተ። 79 ዓመቱ ነበር።

በ2009 የኮብራዎችን ዘር የመረመሩ ሳይንቲስቶች የውሃ ኮብራዎቹ ለብቻቸው የቆሙ ወገን አይደሉም፣ ከሌሎቹ የአፍሪካ ኮብራዎች መሃል የወጡ ናቸው ብለው ወደ ናጃ መለሷቸው። ቡላንዤሪና የሚለው ስም ዝቅ ብሎ የንዑስ ወገን ስም ሆነ። ክሪስቲ ያመጣው የኮንጎ እባብም አሁን ናጃ ክሪስቲ ነው የሚባለው። መሃል ገላው ላይ ዛሬም 17 ረድፍ ቅርፊት አለው።